ጋሽ ሜትር ወንዝ የተሻገረ ዕለት

ጋሽ ሜትር የሚባለው ልብስ ሰፊ ለሁለተኛ ጊዜ ያገባው በስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ስሙን ያወጡለት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳን እንደ ሻርፕ አንጠልጥሎት ነው። ያገባት ሴት ሠላሳ አምስት ዓመት ሒሳብ አስተምራ ጡረታ የወጣች ናት። አንድ ቀን ቀሚስ ልታስጠብብ ሱቁ ገብታ፣ ወሬ ይዟት ሦስት ሰዓት ተቀምጣ ወጣች። ሰው ሁሉ ቲቸር ነው የሚላት። እሱም ካገባት በኋላ ሌላ የቁልምጫ ስም ሊያወጣላት ሞክሮ ነበር፤ ምላሱ እምቢ ስላለው ቲቸር እንዳለ ቀረ።

ሁለቱም ልጅ የላቸውም። የመጀመሪያ ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ብቻውን ኖሯል። እሷ ደግሞ ጨርሶ አላገባችም ነበር። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ሲፈርሙ የተገኘው ሰው ሰባት ብቻ ነበር። ከማንም በፊት መገኘት የነበረባት ሰው ግን አልመጣችም። እሷም የቲቸር ታላቅ እህት፣ እቴቴ ናት።

እናታቸው ስትሞት ቲቸር የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እቴቴ አሥራ ስድስት። ጸጉሯን እያበጠረች፣ ጫማዋን እያጠበች፣ ትኩሳት ሲይዛት ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ እየለወጠች ያሳደገቻት እሷ ናት። የጋብቻው ነገር በስልክ ሲነገራት እቴቴ፣ «በስልሳ ዓመትሽ?» አለች። ከዚያ «በይ በርቺ» ብላ ዘጋችው። ሦስት ወር ሙሉ ቲቸር ትደውላለች፣ እቴቴ ታነሳለች፣ ስለ ዝናብና ስለ ጉንፋን ያወራሉ፣ ይዘጋል።

«ሄጄ ፊት ለፊት ካላናገርኳት እንቅልፍ አይወስደኝም» አለች ቲቸር አንድ ሐሙስ። «አንተም ትመጣለህ። አይታህ እንኳን አታውቅም እኮ።»

«ምን ችግር አለው፣ እመጣለሁ» አለ ጋሽ ሜትር።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቆርቆሮ ብስኩት ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠው በአሮጌዋ ሰማያዊ መኪናው ተነሡ። ሁለት ሰዓት ያህል ከነዱ በኋላ መንገዱ በድንጋይ ታጥሮ አገኙት። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሠራተኛ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው።

«ድልድዩ ጥገና ላይ ነው» አለ በመስኮቱ አጎንብሶ። «ወይ ወደኋላ ተመልሳችሁ በዋናው መንገድ ትዞራላችሁ፤ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው። ወይ በዚህ በጥርጊያው ሃያ ኪሎ ሜትር ትሄዱና በመሻገሪያው ጀልባ ትሻገራላችሁ። መኪናም ይጭናል።»

«እንዙር» አለ ጋሽ ሜትር፣ ሰውየው ሳይጨርስ።

ቲቸር ዞር ብላ አየችው። «መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር?»

«ጎማው አላማረኝም። ጥርጊያ ላይ ቢተነፍስብንስ?»

«ባለፈው ሳምንት ነው አዲስ ያስገባኸው።»

«ቤንዚኑም ቢሆን...»

«ጠዋት ስትሞላ አብሬህ ነበርኩ።»

«አቧራው ደግሞ ሳልሽን ይቀሰቅስብሻል።»

ቲቸር ዕድሜዋን ሙሉ የቤት ሥራ ያልሠሩ ልጆች ሰበብ ስትሰማ የኖረች ሴት ናት። ዓይኗን አጥብባ ቆየች። «አንተ፣ ሦስት ምክንያት በአንድ ትንፋሽ? በል ንዳው» አለች።

ነዳው። ጥርጊያው መንገድ በሁለት የበቆሎ ማሳዎች መካከል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የወተት ጣሳ በብስክሌት የጫነ ሰው ዳር ይዞ አሳለፋቸው። አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ትምህርት ቤት ሲደርሱ ቲቸር እንደ ልማዷ መስኮቶቹን ቆጠረች። ጋሽ ሜትር ግን ምንም አላየም። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ በሁለተኛ ማርሽ እንደ ቀንድ አውጣ ነው የሚሄደው።

«እቴቴን ፈርተሃት ነው አይደል?» አለች ቲቸር።

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ሊለው አፉን ከፈተና መልሶ ዋጠው። ይህኛው ይቀላል ብሎ፣ «አዎ» አላት።

ቲቸር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቅር እንዳላት ከጆሮዋ ቀለም ያውቃል፤ ስታዝን ጆሮዋ ይቀላል። ውሸቱ ትንሽ መስሎት ነበር፤ አሁን ግን እንደ ድንጋይ ከበደው። መልሶ ሊያነሣው ደግሞ አልቻለም።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ መንገዱ ቀጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ዳር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበርና ከእንጨት ላይ የተንጠለጠለ የብረት ቁራጭ አለ። ከዚህኛው ዳር እስከዚያኛው አውራ ጣት የሚያህል የብረት ገመድ ተወጥሯል። ጀልባው ማዶ ነበር። ጀልባ ይባል እንጂ ሁለት መኪና የሚይዝ ሰፊ የብረት ወለል ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ የብረት መደገፊያ አለው፤ ገመዱን ተከትሎ በትንሽ ሞተር ይመላለሳል። ውሃው ሻይ በወተት መስሎ በዝምታ ይወርዳል። ቲቸር ብረቱን በድንጋይ ሦስት ጊዜ መታችው፤ ማዶ ሞተሩ ተነሣ።

ጀልባው ግማሽ መንገድ ሲደርስ ላዩ ላይ አንዲት አሮጊት ታየች። ጥቁር ጃንጥላ ይዛ፣ የፕላስቲክ ከረጢት ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ቆማለች። ቲቸር እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ትኩር አለች።

«እቴቴ!» ብላ ጮኸች።

አሮጊቷ ጃንጥላዋን ዝቅ አደረገች። «ሚጡ?»

ቲቸር በልጅነቷ ሚጡ ነበር ስሟ፤ በዚህ ስም የሚጠራት ሌላ ሰው በሕይወት የለም።

«ወዴት ትሄጂያለሽ?» አለች ቲቸር።

«አንቺ ጋ ነዋ! አንቺስ?»

«አንቺ ጋ!»

ባለጀልባው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ወለሉ መሬት ሳይነካ ቲቸር ጫማዋን አርጥባ ተንደርድራ ገባች፤ እህትማማቾቹ እዚያው ብረቱ ላይ ተቃቀፉ። እቴቴ የታናሽ እህቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወዲያና ወዲህ አገላብጣ አየችው።

«ከስተሻል።»

«ወፍሬያለሁ እቴቴ! ቀሚሶቼ ሁሉ እምቢ ብለውኛል።»

«ከስተሻል ካልኩ ከስተሻል።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ አበሰች። «ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ዛሬ ካልሄድኩ መቼም አልሄድ ብዬ ነው የተነሣሁት። ማዶ አውቶብስ አለ ብለውኝ።»

ከዚያ ቀና ብላ ጋሽ ሜትርን አየችው። ባርኔጣውን አውልቆ መኪናው ጎን ቆሟል።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ጎንበስ ብሎ።

«ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ነዎት እንግዲህ» አለች እቴቴ። ድምጿ እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ ነበር። «በሉ ተሻግረን እኔ ቤት እንግባ። ሃያ ደቂቃ አይሞላም።»

ጋሽ ሜትር ያኔ ነው ያበላሸው። «ለምን እኛ ቤት አንሄድም?» አለ፤ ቃላቱ እየተደነቃቀፉ ወጡ። «እርስዎም ለመምጣት ተነሥተዋል፣ መኪናው አለ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ምን አላት? አሁኑኑ እንመለስ!»

የቲቸር ጆሮዎች ፍም መሰሉ። «ያደግኩበት ቤት ደጃፍ ላይ ደርሰህ ልትመለስ ነው? እህቴን ፈርቻለሁ አልክ፣ ዝም አልኩህ። ይኸውልህ፣ ቆማለች። አትናከስም!»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ...»

«ምን አንተ እኮ!»

 እቴቴ የምታየው የጋሽ ሜትርን እጅ ነበር። የመኪናውን በር እጀታ አንቆ ይዟል፤ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቷል፤ ሞገድ መጥቶ ብረቱን ዷ ባደረገ ቁጥር ትከሻው ይዘላል። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል።

«ሚጡ፣ እስቲ ዝም በይ» አለች በቀስታ። «ሰውየው እኔን አይደለም የፈራው። ውሃ ነው የፈራው።»

 ባለጀልባው ጨዋ ሰው ስለሆነ ገመዱን የሚፈትሽ መስሎ ዞር አለ።

«እውነት ነው?» አለች ቲቸር።

ጋሽ ሜትር ባርኔጣውን እያሽከረከረ አንገቱን ደፋ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

«ስልሳ አራት ዓመትህ እኮ ነው!»

«ለዚያ ነዋ የማፍረው።»

ቲቸር ልትቆጣ ብላ አልሆነላትም። ሄዳ ክንዱን ያዘችው። «በል ተወው። በዋናው መንገድ እንዞራለን። መቶ ሠላሳም ይሁን ሦስት መቶ። እቴቴም ከእኛ ጋር ትዞራለች፤ አይደል እቴቴ?»

«ምን ቸግሮኝ። መኪና ውስጥ መቀመጥ ነው» አለች እቴቴ።

ጋሽ ሜትር ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። አንዷ ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራለች። ሌላዋ ሦስት ወር እንቅልፍ አጥታለች። ሁለቱም ለእሱ ሲሉ ግማሽ ቀን ሊዞሩ ተዘጋጅተዋል፤ ማንም አልሳቀበትም። 

«አይሆንም፤ እንሻገራለን» አለ። «ግን ከመኪናው መውረድ አልችልም። ውሃውን ቆሜ አላይም።»

«መስኮቱን ከፍተው፣ ቀበቶዎን ፈተው ይቀመጡ። ሌላው የኔ ሥራ ነው» አለ ባለጀልባው።

መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች ብረቱ ላይ ወጣች። ቲቸር ከጎኑ ልትገባ በሩን ስትይዝ እቴቴ በክርኗ ገፋ አደረገቻት።

«አንቺ ውጪ ቁሚ። አንቺ ካለሽ ጀግና ልሁን ብሎ ይጨናነቃል። እኔ ፊት ምን ያሳፍረዋል? እስካሁን እንደሆነ አልወደድኩት።»

ገብታ በሩን ዘጋች፤ ጃንጥላዋን ጉልበቷ መካከል አቆመች። ሞተሩ ተነሣ፤ መሬቱ ከኋላቸው መራቅ ጀመረ። ጋሽ ሜትር ቀኝ እጁን የእጅ ፍሬኑ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ይስበዋል። ፍሬኑ ግን ከዚህ በላይ የሚሳብበት ቦታ አልነበረውም።

«ያውሩ» አለች እቴቴ ፊት ለፊት እያየች። «ዝም ሲሉ ይብሳል። ምን ሆነው ነው?»

«የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ» አለ። «ከአባቴ ጋር በትንሽ ጀልባ ስንሻገር ተገለበጠች። ዳር ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ነው። አባቴ በአንድ እጁ ታናሽ እህቴን አቅፏል፤ በሌላው እኔን ይዞኛል። ውሃው ከባድ ነበር። እጄ አመለጠው።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ዓሣ አጥማጅ በሸሚዜ ኮሌታ ጎትቶ አወጣኝ።» አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር ነካ አድርጎ፣ «ለዚህ ይሆናል ኮሌታ ስሰፋ ሁለቴ የምደርበው» አለ። ከጠዋት ጀምሮ ፈገግ ሲል የመጀመሪያው ነበር፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። «አባቴ ከዚያን ቀን በኋላ እጄን ይዞኝ አያውቅም። መንገድ ስንሄድ ልይዘው ስጠጋ እጁን ኪሱ ይከታል። የተቆጣኝ ይመስለኝ ነበር።»

«አፍሮ ነው» አለች እቴቴ።

«አዎ። የገባኝ ግን እሱ ከሞተ በኋላ ነው።»

በዚህ መሃል ሞተሩ ድንገት ጠፋ። ጀልባው ወንዙ መካከል ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀጥ አለ። ባለጀልባው፣ «ግንድ እየመጣ ነው! እስኪያልፍ እንጠብቃለን፤ አትደንግጡ!» ብሎ ጮኸ። ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል ሲያዩ ሥሩ የተነቀለ ትልቅ ዛፍ እየተንከባለለ ይመጣል።

 የጋሽ ሜትር ግራ እጅ በሩን ለመክፈት ተንቀሳቀሰ፤ ወዴት ሊወርድ እንዳሰበ ግን እሱም አያውቅም። ያኔ እቴቴ እጇን ፍሬኑን በያዘው እጁ ላይ ጫነችው። የደረቀ፣ ጠንካራ፣ ሞቃት እጅ ነበር።

«እኔን ይዩኝ» አለች፤ ቀጥላም ራሷን አረመች። «እኔን እየኝ። ግንዱን ተወው። እኔም አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም ያልነገርኩትን።»

አንተ ስትለው ሰማ። ዓይኑን ከውሃው ነቅሎ ፊቷ ላይ ተከለው።

«ሚጡ ጡረታ ስትወጣ እኔ ጋ ልትመጣ ተነጋግረን ነበር። ድሮ ነው። እሷ ረስታው ይሆናል። እኔ ግን የጓሮውን ክፍል ቀለም አስቀባሁት። አልጋ ገዛሁ፣ መጋረጃ ሰቀልኩ። ብርሃኑ ጠዋት በደንብ ይገባል፤ እሷ ደግሞ ጠዋት ማንበብ ትወዳለች። ነይ፣ ክፍልሽ አልቋል ልላት ስልኩን ሳነሣ እሷው ደወለች። ላገባ ነው አለችኝ።»

ጋሽ ሜትር ፍሬኑን መሳቡን ተወ።

«አንተን ጠልቼ እንዳይመስልህ። ጭራሽ አላውቅህም። ያስጠላኝ ክፍሉ ነው። ቆለፍኩት።»

«ያኔ ቢነግሯት ኖሮ እኮ ትመጣልዎት ነበር» አለ ጋሽ ሜትር። «እኔን ትታ ትመጣ ነበር። አውቃታለሁ።»

«ለዚያ ነዋ ያልነገርኳት» አለች እቴቴ።

ግንዱ ደረሰ። ሥሮቹ የብረቱን ጠርዝ እየፋቁ አለፉ፤ ወለሉ በሙሉ ተርገፈገፈ። ጋሽ ሜትር «ወይኔ!» አለ። እቴቴም «ኡ!» ብላ እጁን ጨመቀችው፤ ለካ እሷም ልቧ አፏ ጋ ደርሶ ነበር። ተያዩ። ቲቸር መደገፊያውን ይዛ ዞር ስትል በፊት መስተዋቱ በኩል አየቻቸው፤ ባሏና እህቷ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እንባ እያፈሰሱ ይሁን እየሳቁ መለየት አልቻለችም። ልትጠጋ አሰበችና ተወችው። ፊቷን ወደ ወንዙ መልሳ ዛፉ እስኪርቅ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።

ማዶ ሲደርሱ ጋሽ ሜትር መኪናዋን ደረቅ መሬት ላይ አወጣና ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ሣሩ ላይ ዘፍ አለ። ባለጀልባው ውሃ በጆግ አምጥቶ ሰጠው።

«ባለፈው አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ተሻግሯል፤ ሁለት ሜትር ይሆናል ቁመቱ» አለው። «ከዳር እስከ ዳር ዓይኑን ጨፍኖ ሲዘፍን ነበር። ድምፁ ደግሞ አያድርስ ነው። ከእርስዎ ጋር ግን በሰላም መጣን።»

የእቴቴ ቤት ዝቅ ያለ፣ አጥሩ ላይ ሐረግ የተጠላለፈበት ቤት ነው። እንደገቡ እቴቴ ከረጢቷን ጠረጴዛ ላይ ጣለች፤ ከኩሽና ቁልፍ አመጣችና ቲቸርን ጠርታ የጓሮውን ክፍል ከፈተች። ጋሽ ሜትር ኮሪደሩ ላይ ቀረ።

ግድግዳው ነጣ ያለ ቢጫ ነው። አንድ አልጋ፣ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ ፍራሽ፣ መስኮቱ ሥር ትንሽ የማንበቢያ ጠረጴዛ። ቲቸር ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ማንም ሳይነግራት ገባት።

«እቴቴ፣ ረስቼው ነበር» አለች።  «እውነቱን ልንገርሽ፣ ጨርሶ ረስቼው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ይቅር በዪኝ።»

«ምን ይቅር የሚባል አለው? ደስ ብሎሽ ነው የረሳሽው።» እቴቴ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። እህቷን ስባ ከጎኗ አስቀመጠቻት። «እኔም መምጣት ነበረብኝ። አዲስ ጫማ እንኳን ገዝቼ ነበር። ዕለቱ ሲደርስ እግሬ እምቢ አለኝ።»

ተቃቅፈው አለቀሱ። ጋሽ ሜትር ኮሪደሩ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ሦስት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ አንገቱን በበሩ አስገባ።

«ይቅርታ፣ ጣልቃ መግባቴ አይደለም» አለ። «ይህ አልጋ ግን ለሁለት ሰው ይጠባል። በየወሩ አንድ ሳምንት እዚህ የምንከርም ከሆነ ማለቴ ነው። የእጅ ማሽኔ መኪናው ኋላ ይገባል፤ ሥራዬን እዚህም እሠራለሁ።»

«በየወሩ?» አለች ቲቸር አፍንጫዋን እየጠረገች። «ድልድዩ እኮ እስከ ዓመት አያልቅም።»

«እንግዲህ እቴቴ እየመጣች ታሻግረኛለች» አለ። እርስዎ ማለቱን እንደረሳ ያወቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። እቴቴ ግን፣ «አሻግረዋለሁ። ኩርሲ ይዤ እጠብቀዋለሁ» አለች።

ምሳ ሩዝና የቲማቲም ሾርባ በሉ፤ ብስኩቱንም ከፈቱት። እቴቴ ሚጡ በስምንት ዓመቷ ዶሮዎቹን በሰልፍ አስቁማ የብዜት ሰንጠረዥ ልታስተምር እንዴት እንደታገለች ተረከች። ጋሽ ሜትር እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ቲቸር፣ «አንዷ ግን እስከ አምስት ደርሳ ነበር» ብላ ተከራከረች። ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች፣ በወሬው መካከል፣ አፏን ከፈት አድርጋ እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ጋሽ ሜትር መነጽሯን ሊያወልቅላት እጁን ሲዘረጋ የእቴቴ እጅም እዚያው ደርሶ ነበር። ሁለቱም ቆሙ። እቴቴ እጇን መለሰች፤ እሱ ቀስ ብሎ አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እግሯ ይበርዳታል» አለ በሹክሹክታ።

«ከልጅነቷ ነው። ብርድ ልብስ ከመሳቢያው ውስጥ አምጣ፤ አረንጓዴውን።»

አምጥቶ አለበሳት፤ እቴቴ ከእግሯ ሥር ጠቀጠቀችላት። ወንበራቸውን ስበው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ውጪ ፀሐዩ ገና አናት ላይ ነበር።

«አሁንም ታንኮራፋለች?» አለች እቴቴ።

«አልናገርም።»

«ተናገር።»

ጋሽ ሜትር ወደ ሚስቱ አየ፤ መተኛቷን አረጋገጠ። ከዚያ ወደ እቴቴ ጆሮ ጎንበስ አለና ነገራት። እቴቴ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በሁለት እጇ አፈነች።